እድር ለቆመ ሰው

ማክሰኞ፣ ህዳር 2። ጠዋት 2፡30

ውሃ ቀድቼ ጨረስኩ። ሁለት ጀሪካን። ሰልፉ ላይ ማንንም አልሰደብኩም፣ ይመዝገብልኝ።

አባዬ ዛሬም በስራ ሰዓቱ ተነሳ። ጫማውን አሰረ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። የሚሄድበት የለማ። ወሰን ሰፈር ያለው ጋራዥ ከተዘጋ ሶስተኛ ሳምንት። ባለቤቱ ግቢውን ሸጠው፣ በቃ። አባዬ እዚያ ሃያ ዓመት መኪና ቀለም ሲረጭ ኖሮ ይዞ የወጣው አንድ ቱታ ነው።

ስሚ ኬሚስትሪ። (ስምሽን መቀየር አልችልም፣ የደብተር ሽፋንሽ ላይ ተጽፏል። አስረኛ ክፍል ሳቋርጥ ግማሽሽ ባዶ ነበር።) ዛሬ ምን እንዳለ ልንገርሽ። ላምበረት አውቶብስ ተራ ሄጄ ጭነት እሸከማለሁ አለ። ከታክሲ ወርዶ የኛን ዳገት እስኪወጣ አራት ጊዜ ቆሞ የሚተነፍስ ሰው። ሃኪሙ ቀለሙ ደረትህን ጎድቶታል፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ብሎታል። እኔ ጮህኩ። ሶስት ወር ብቻ ታገስ፣ የጥበቃ ስራ ምናምን እስክታገኝ የምንበላውን እኔ አመጣለሁ አልኩት። ከየት? እኔ ምናውቄ። አፌ እንደ ሁልጊዜው ቀድሞኝ ወጣ።

ሐሙስ፣ ህዳር 4። ከሰዓት 9

ሁለት ቦታ ሄድኩ። ሁለቱም ቦታ ተጣላሁ።

መጀመሪያ ባለ ጋራዡ ቤት። ግቢ እንኳን አላለኝም፣ በር ላይ። አዝኛለሁ አለ። አባትሽ ወርቅ ሰው ነው አለ። ግን ስራ ያጣ ሰው የመንግስት ጉዳይ ነው፣ እኔ ግብሬን ከፍያለሁ አለ። ወርቅ ቢሆንማ አብረህ ሸጠኸው ነበር አልኩት። በሩን ዘጋው።

ከዚያ ወረዳ። የሰራተኛ ጉዳይ የምታየው ሴትዮ ደህና ሰው ናት፣ እሷ ላይ መጮሄ ይቆጨኛል። የስንብት የሚከፍለው አሰሪው ነው አለች። መንግስት ለስራ አጥ በየወሩ የሚሰጠው ነገር የለም አለች። የቅጥር ውሉን አምጪ። ውል የለውም። አባዬ ሲቀጠር እጅ ተጨባብጠው ነው፣ አለቀ። በምስክር መክሰስ ይቻላል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል አለች። ደረቱ ውስጥ ያለው የሃያ ዓመት ቀለም ፊርማ አይሆንም ወይ? ራጅ ብታነሱት የየመኪናው ታርጋ ይነበባል አልኳት። ሳቀች። ከዚያ አፈረች። ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ አቀረቀረች።

ባለ ጋራዡ ወደ መንግስት ይገፋል፣ መንግስት ወደ ባለ ጋራዡ። አባዬ መሀል ላይ እንደቆመ መኪና። ከፊትም ከኋላም እየተገፋ እንዴት ይነቃነቅ?

ደከመኝ። ዳገቱን ስወጣ አንድ ነገር መጣልኝ። እሁድ የእድር ስብሰባ አለ።

እሁድ፣ ህዳር 7። ከሰዓት 8

አሁን ከእድሩ ስብሰባ መጣሁ፣ ጽሑፌ ካልተነበበልሽ ቻይው።

አባዬ ፊት ወንበር ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ። ምን ላደርግ እንደሆነ አያውቅም። እኔ ከኋላ፣ ከድንኳን ብረቱ ጋር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ ሌላ ጉዳይ ያለው አለ ወይ ሲሉ እጄን አወጣሁ። አባል አይደለሽም አሉ። አባቴ ነው፣ አፉ እኔ ነኝ አልኩ።

ነገርኳቸው። ሰው ሲሞት ድንኳን፣ ወንበር፣ ገንዘብ፣ ሁሉም ነገር አለ። ቆሞ ሲርበው ምንም። ለስራ አጥ ሶስት ወር እድሩ ይክፈል አልኩ። ጋሽ ታደሰ በትዕግስት፣ ልጄ ይሄ እድር ነው፣ ኢንሹራንስ አይደለም አሉ። ታዲያ ሞቶ ይምጣ? አልኩ። አንዱ ከኋላ፣ ይቺ ልጅ ት/ቤት ባታቋርጥ ኖሮ ፓርላማ ነበረች ብሎ ሙድ ያዘብኝ። ሰው ሳቀ። አንተ ጨርሰህም እዚሁ ነህ አልኩት። ሰው የበለጠ ሳቀ።

ከዚያ እትዬ ጫልቱ ተነሱ። ጉልት ላይ ቲማቲም የሚሸጡት። ሳቁ ቆመ። "እኔ ቲማቲሜ ሲበሰብስ ማን ከፈለኝ? ዝናብ ሲያባርረኝ ማን ከፈለኝ? ተቀጥሬ አላውቅ፣ እንዴት ብዬ ስራ ፈታሁ ልበል? ሁሴን ሃያ ዓመት ወር ጠብቆ ደመወዝ በላ፣ ደግ አደረገ። አሁን እሱን እኔ ላብላ?"

ኬሚስትሪ፣ ያወጣሁትን እጄን አወረድኩ። እኔ። ትክክል ናቸዋ። አባዬን ያባረረው ሰውዬ ቪላው ውስጥ ተቀምጧል፣ እዚህ የምንነጣጠቀው እኔና ቲማቲም ሻጭ ነን።

ጋሽ ታደሰ ድምፅ ይሰጥ አሉ። ደመወዝ ያላቸው አባላት ብቻ በየወሩ ትንሽ ጨምረው ያዋጡ፣ እንደ እትዬ ጫልቱ ያሉት አይነኩ ተባለ። በጥቂት እጅ ብልጫ አለፈ። እትዬ ጫልቱ የተቃውሞ እጃቸውን እኔን እያዩ ነው ያወጡት።

አሸንፌ ነበር። ለአንድ ደቂቃ።

ጸሐፊው ደንቡን አነበበ። ድሮ አንድ ገንዘብ ያዥ በድብቅ ለዘመዱ ከፍሎ ተይዟል፣ ከዚያ ወዲህ ከእድሩ የሚወጣ ክፍያ ሁሉ በጡሩምባ ይነገራል። ለቀብርም ለዚህም ያው ደንብ ነው። ማለዳ፣ በየሰፈሩ፣ በስም።

አባዬ ተነሳ። አመሰገነ። "ስሜ በጡሩምባ የሚጠራው አንዴ ነው" አለ። ወጣ።

ሰኞ፣ ህዳር 8

ትናንት እቤት መጥፎ ነገር ተናገርኩት። ተሸክመህ ሙትና እንግዲያው ይንፉልህ አልኩት። እማዬ አፌን በእጇ ያዘች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። መትቶኝ ግን አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም።

በጣም የሚያናድደኝ ስለሚገባኝ ነው። እኔ ት/ቤት ለምን አቋረጥኩ? መምህሩን ሰደብኩ፣ ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አባዬ ያንን ዳገት እያለከለከ ወጥቶ በኔ ምክንያት ሲያቀረቅር ማየት አልፈለግኩም። አንድ ቀን ማቀርቀር ነበር። ለሱ ብዬ ዓመቴን ጣልኩ። ለራሴ እንደሆነ የገባኝ ትናንት ነው። ኩራቴን ከማን እንደወረስኩም።

ረቡዕ፣ ህዳር 10። ቀን 6 ሰዓት

ሄደ። ላምበረት። ሳያየኝ ተከተልኩት።

አንዲት ሴት ከአውቶብስ ወረደች፣ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ ይዛ። አባዬ አነሳው። ሃያ እርምጃ ምናምን። ከዚያ ማዳበሪያውን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና ራሱም አጠገቡ ተቀመጠ። አፉን ከፍቶ። ሴትየዋ አልተቆጣችም። አባቴ፣ ይቅርብዎት አለችው። ሌላ ወጣት ጠርታ አሸከመችው። አባዬ እዚያው ቀረ። ቱታውን ነው የለበሰው፣ ሁሉም ቀለም ያለበትን።

ከአውቶብሱ ኋላ ተደብቄ ነበር። እኔ፣ ለሁሉ ነገር አፍ ያለኝ፣ ሄጄ እጁን መያዝ አቃተኝ። እንዳየሁት ካወቀ ይሞታል ብዬ።

ወደ ቤት በእግሬ መጣሁ።

አርብ፣ ህዳር 12

ህዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ያቃጥላል። ከላይ ከእንጦጦ በኩል ደግሞ የባህር ዛፍ ቅጠል ጭስ ይወርዳል። ጠዋት መስኮት ዘጋን። እማዬ ፎጣ በውሃ ነክራ በበሩ ስር ጠቀጠቀች።

ምንም አልጠቀመም። አባዬ ጁምዓ ሊሄድ ተዘጋጅቶ ነበር፣ በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሳል አይደለም እሱ። ከውስጥ የሆነ ነገር ሊወጣ እየታገለ የሚቀር ነው። ጀርባውን ሳሸው አልገፋኝም። ጀርባው አጥንት ብቻ ነው። መቼ ነው እንደዚህ የሆነው?

ሲሻለው፣ ሰኞ እመለሳለሁ አለ። ላምበረት ማለቱ ነው። ለእማዬ ነው የነገራት፣ እኔ አጠገቡ እያለሁ።

ማን መክፈል አለበት እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሰደብኩ። እስከዚያ ግን የሚከፍለው እሱ ነው። በትንፋሹ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 13። ጠዋት 4

ጋሽ ታደሰ ቤት ሄጄ መጣሁ። ዛሬ አልጮህኩም።

አባዬ አይጠራ፣ እኔን ጥሩኝ አልኳቸው። ሰው ሲሞት የሚጠራው አባወራው ብቻ ነው? ልጅም ትጠራለች። ትምህርት የለኝ፣ ስራ የለኝ። ቤቱ ውስጥ ስራ አጧ እኔ ነኝ ብትሉ ውሸት አይደለም።

ሴት ልጅ ነሽ አሉ። ነገ ትዳር አለ፣ ነገ መቀጠር አለ፣ ስሟ በጡሩምባ የተለፈፈ ልጅ ይሉሻል፣ ሰፈር አይረሳም። እውነት ነው። ታክሲ ተራ ያሉት ልጆች እስከ ስንት ዓመት እንደሚፎግሩኝ አውቃለሁ። ሼም የሚያሲዘኝን ሰው ሁሉ ከመንገድ እስከ ቤታችን በልቤ አንድ በአንድ ቆጠርኩት።

ይጻፉት አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ጻፉት። እጃቸው ከኔ እጅ የበለጠ ቀስ ይላል። አባትሽ ያውቃል? አሉ። አያውቅም። ማወቅ አለበት አሉ። ነገ ይሰማል አልኩ።

ለእማዬ ብቻ ነገርኳት። ጥሩውን ሻርፔን አውጥታ አጠበችው።

እሁድ፣ ህዳር 14። ጠዋት 12 ከሩብ

ተነፋ።

አባዬ ሰግዶ ምንጣፉ ላይ ነበር። ጡሩምባው ከላይ ከዳገቱ ጀመረ። እንደ ሁልጊዜው ሰው ሞቷል ብሎ ከንፈሩን በዱዓ አንቀሳቀሰ፣ ለማያውቀው ሟች። ከዚያ ድምፁ ቀረበ። ጡሩምባ ነፊው ጋሽ በላይ ሰው እንዳይደነግጥ ብለው ከራሳቸው ጨምረዋል፦ "የሁሴን ልጅ ፈቲያ! በህይወት አለች! ስራ የላትም! እድሩ ይደርሳል!"

በህይወት አለች። በየመታጠፊያው። ሶስቴ ሰማሁት።

አባዬ ምንጣፉን አላጠፈውም። እኔን አላየኝም። ተነስቶ ወጥቶ በር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጀርባው ብቻ ይታየኛል። እማዬ ምድጃው ጋ ቆማ ምንም አትሰራም።

12 ተኩል

ሰው መጣ። መጀመሪያ የደረሱት እትዬ ጫልቱ። እጃቸውን እኔ ላይ ያወጡት እትዬ ጫልቱ። በፌስታል ቲማቲም ይዘዋል። ነጠላቸውን ለለቅሶ ይልበሱት ለሰላምታ እንዳልለየላቸው ያስታውቃል። እንዲህ ያለ ቤት ሲመጣ ምን እንደሚባል ማንም አያውቅማ። ቆሙ፣ ቆሙ፣ በመጨረሻ "እግዜር ያጥናችሁ" አሉት።

አባዬ ቀና ብሎ አያቸው።

"አሜን" አለ። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።

አሁን አምስት ስድስት ሰው ሆነዋል። ጋሽ ታደሰም አሉ። ማንም ስለ ገንዘብ አያወራም። ስለ ጭሱ፣ ስለ ውሃ ሰልፉ። አባዬ ሁለቴ ሳለ፣ ሁለቴም ወሬው ቆሞ ጠበቀው።

በመስኮት እየጠራኝ ነው። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው። ፈቲያ፣ ነይ ውጪ፣ ሰው ቁጭ ብሎ እየጠበቀሽ ነው፣ ለቅሶው ያንቺ ነው ይላል። ተቆጥቶ ይሁን አይሁን ድምፁ አይለይም። ሻርፔ አልደረቀም፣ እርጥቡን አድርጌ ልወጣ ነው።