ለነርሷም ለቅሶ የደረሱት ባለሙያ፦ የወይዘሮ ውዳሴ ቸኮል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ውዳሴ ቸኮል ከአባታቸው ከአቶ ቸኮል አያሌውና ከእናታቸው ከወይዘሮ አምሳለ ወርቄ በመጋቢት ወር 1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ መካኒሳ ተወለዱ። እናታቸው የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጆቹም ያን ዕለት በሚያጸዱት ክፍል ሰው እንደሞተ ያውቃሉ። ማንም አይጠይቃቸውም። ጥቂት ቆይተው ይነሡና እራት ያቀርባሉ። ወይዘሮ ውዳሴ ወደ ሙያቸው የገቡት በዚያ ደጃፍ በኩል እንደሆነ ለቤተሰቡ ደጋግመው ነግረዋል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአካባቢያቸው አጠናቀው፣ በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ተመረቁ፤ ለረጅም ዓመታትም በትምህርት ቤት አማካሪነት ሠሩ። በ1990 ዓ.ም. ከአቶ ጸጋአብ ኃይሉ ጋር ጋብቻ መሥርተው ቤዛዊትንና ክብረትን ወለዱ። ቀጠሮ አክባሪ ነበሩ። «መንገድ ላይ ነኝ» ያላቸው ሰው ገና ካልሲውን እየፈለገ መሆኑን በድምፁ ይለዩ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሠራተኞች የሥነ ልቦና አማካሪ ሆነው ተቀጠሩ። «የሠራተኞች የሥነ ልቦና ምክር» የሚል ትልቅ ታፔላ በራፋቸው ላይ አሰቀሉ፤ ቢሮው ደግሞ ሁሉም የሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ነበር። ለወራት አንድም ሰው አልገባም። አንዲት ወጣት ነርስ «እዚያ ስገባ ከታየሁ እኮ ምሳ ሳይደርስ አብዳለች ነው የሚሉኝ» ብላ ነገረቻቸው። ስለ ጭንቀት ሥልጠና ሲያዘጋጁም ሠራተኛው መጥቶ፣ ፈርሞ፣ የታሸገውን ውኃ ጠጥቶ ሄደ። ወይዘሮ ውዳሴ ጥፋቱ የሠራተኛው ሳይሆን የታፔላው መሆኑን አምነው አወረዱት። ታፔላው ዛሬ በጓሯቸው የዶሮ ቤት ክዳን ነው።

በ2011 ዓ.ም. የሕፃናት ክፍል ነርስ የሆኑት ሲስተር ሸጊቱ ለሳምንታት ያስታመሙት አንድ ሕፃን ዐረፈ። ዘመድ መጥቶ እናቱን ደግፎ ወሰደ። ሲስተር ሸጊቱ ግን ለሚቀጥለው ታማሚ አልጋ ማንጠፍ ያዙ። ሥራውን ለቀው መካኒሳ ሱቅ ሊከፍቱ መወሰናቸው በክፍሉ ሁሉ ይታወቅ ነበር። ወይዘሮ ውዳሴ ምክርም መጠይቅም አላነሡም። የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዘው አብረው አነጠፉና፣ ለሐዘንተኛ እንደሚባለው «እግዜር ያጽናሽ» አሏቸው።

«ለእኔ ነው? ልጁ እኮ የእኔ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ያስታመምሽው ግን አንቺ ነሽ።»

ሲስተር ሸጊቱ ያነጠፉት አልጋ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሱቁም ሳይከፈት ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ሰው ሲያርፍ ያስታመሙት ሠራተኞች በሻይ ክፍሉ አብረው መቀመጥ ጀመሩ። መናገር ግዴታ አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ዝም ብሎ መቀመጥም ይበቃል። አንድ ኃላፊ «ሆስፒታሉን ለቅሶ ቤት አደረጋችሁት፤ ሥራ ሊፈታ ነው» ብለው ተቃወሙ። የክፍሉ ሐኪም ዶክተር ኢስማኢል «አይፈታም፤ እነሱ እስኪነሡ ክፍሉን እኔ እጠብቃለሁ» አሉ፤ ጠበቁም። በኮሮናው ጊዜ ሻይ ክፍሉ ሲዘጋ ወንበሮቹ ወደ ግቢው ዛፍ ሥር ወጡ።

ወይዘሮ ውዳሴ አብሮ መቀመጥ ሁሉን ይፈውሳል ብለው አያውቁም። እንቅልፍ ያጣውንና መጠጥ ያበዛውን ለይተው፣ ከሥራ ሲወጡ በብስራተ ገብርኤል መንገድ በእግር እየሸኙ ያነጋግሩት ነበር። ከአቅማቸው በላይ የሆነውንም ወደ አእምሮ ሐኪም ይልኩ ነበር። ወይዘሮ አምሳለ የልጃቸውን ሥራ ሲሰሙ «ምነው በእኔ ጊዜ!» ብለዋል።

በ2017 ዓ.ም. የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሲታከሙ ቆይተው፣ በራሳቸው ምርጫ ይሠሩበት በነበረው ሆስፒታል ተኙ። ሲስተር ሸጊቱ በፈቃዳቸው ወደ እሳቸው ክፍል ተዛውረው አስታመሟቸው። ወይዘሮ ውዳሴን ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃቸው፣ የእሳቸው ሞት ሲስተር ሸጊቱን ከሥራ እንዳያስወጣቸው ነበር። «ደግሞ ሱቅ እንዳትከፍቺ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ዐረፉ። ባልደረቦቻቸው ወደ ሻይ ክፍሉ ገቡ፤ ዶክተር ኢስማኢል መጥተው ክፍሉን ጠበቁ። ቤተሰቡም አብሮ ተቀመጠ። ለሲስተር ሸጊቱ ቀድመው «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» ያሉት የሟች እናት ወይዘሮ አምሳለ ናቸው።

ወይዘሮ ውዳሴ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። የብዙዎችን ሐዘን ስትካፈል የኖረች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ያድለን።

ሲስተር ሸጊቱ ዛሬ ፈቃድ ወስደው በመካከላችን ይገኛሉ። ነገ ጠዋት ተረኛ ናቸው።