ወንዝ ስለተሻገሩት ሦስት መቶ አርባ አንድ ድምፆች

ሰኔ 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጓድ ውባየሁ
የምርጫ ክልላችን አስፈጻሚ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ ከሁሉም አብልጬ ግን የቀኝ እጅዎን ጤንነት። እሑድ ሰኔ 7 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከጠረጴዛዬ ቀይ እርሳሴን አንስቶ በካርታው ላይ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ አንድ መስመር ያሰመረው ያ እጅ እንዳልዛለ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ያንን ወንዝ ስንሻገር አዞ እንፈራለን፤ እርስዎ ግን የሱሪዎ ጫፍ እንኳ ሳይረጥብ ሦስት መቶ አርባ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አሻግረዋል።

ስሜ ሀምዳ ከማሉዲን ነው። ከአዋሽ አርባ ወደ መልካ ወረር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ በምርጫው ቀን ደግሞ በዚያው ክፍል የተቋቋመው ጣቢያ ጸሐፊ ነበርኩ። የሆነውን እርስዎ ያውቁታል። በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከለጠፉት ውጤት ጎን ይህን ግልባጭ የሚያነበው ሰው ግን ላያውቅ ስለሚችል፣ እንዲታገሡኝ እየለመንኩ ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ።

ለብሔራዊ ሸንጎ የቀረቡልን ዕጩዎች ሦስት ነበሩ፤ ማንበብ ለማይችለው እንዲመች ለአንዱ ዝሆን፣ ለአንዱ አንበሳ፣ ለአንዱ ቀጭኔ ምልክት ተሰጣቸው። ባለ ዝሆኑን ጓድ ከፎቶግራፉ በቀር ያየው የለም፤ በፎቶግራፉ ላይ ካፖርት ስለለበሰ ግን የእኛ አገር ሰው እንዳልሆነ ሁላችንም ተረድተናል። ባለ ቀጭኔው የከብት ክትባት ሠራተኛው ጣሃ ነው፤ በዚህ ሸለቆ ስንት ጊደር እንዳለ ከነመልኳ የሚያውቅ ሰው። ግንቦት ላይ ሦስት መቶ አርባ አንድ የአፋር አርብቶ አደሮች ከእኛ ጣቢያ ተመዝግበው ካርድ ወሰዱ። ከዚያ በእኛ በኩል ሣሩ አለቀ፤ ከብቶቻቸውን ነድተው ወንዙን ተሻገሩ። በምርጫው ጠዋት ግን አንድም ሳይጎድሉ ተመለሱ፤ ውሃው እስከ ደረታቸው፣ ወንዶቹ ካርዳቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ሴቶቹ በሻሻቸው ቋጥረው። የክፍሌ ወለል ቀኑን ሙሉ ሳይደርቅ ዋለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳጥኑ ተዘጋ። ባልደረባዬ ንጋትወርቅ ወረቀቱን አንድ በአንድ እየገለጠች ለታዛቢዎቹ ስታሳይ፣ እኔ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ መዘገብኩ፦ ቀጭኔ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት፣ ዝሆን አንድ መቶ ሃያ ሰባት፣ አንበሳ አርባ ዘጠኝ፣ የተበላሸ ሰባት። እርስዎ የገቡት ይኼኔ ነበር። ሰሌዳውን አዩ፣ ካርታ ጠየቁ፣ መስመሩን አሰመሩ። የምርጫ ክልላችን ወሰን ወንዙ ነው፣ ከወዲያ ማዶ የሚያድር ሁሉ የጎረቤት ክልል መራጭ ነው አሉ። በጎረቤት ክልል ደግሞ አልተመዘገቡም። ስለዚህ የትም የሉም።

አሁን በትሕትና ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ሣሩ ለኮሚቴዎ ሳያመለክት በማለቁ፣ ከብቶቹም የምርጫ ክልል ወሰን ሳያጠኑ ለግጦሽ በመሰማራታቸው፣ ባለቤቶቻቸው ከዜግነት ተራ መውጣታቸው ተገቢ ቅጣት ይሆን እንደሆነ እንዲያስረዱኝ እጠይቃለሁ። ካርዱን የሰጣቸው ኮሚቴዎ ነው። ያኔ ወንዙ ከቦታው አልነበረም?

ሁለተኛ፣ ድምፅ በምስጢር እንደሚሰጥ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ከአንድ ሳጥን ከወጡ አምስት መቶ ሰባ አንድ ወረቀቶች የአርብቶ አደሮቹን ለይተው የቀነሱበት ጥበብ እጅግ አስደንቆኛል። መቼም እርጥብ እርጥቡን መርጠው ይሆናል ብዬ ነበር። በኋላ ሳየው ግን ከዝሆኑ አንድም አልተቀነሰም፤ ሦስት መቶ አርባ አንዱም ከቀጭኔው ተነስቶ ጣሃ አርባ ሰባት ድምፅ ብቻ ይዞ ቀረ፣ ባለ ዝሆኑም አሸነፈ። ለምስጢር ጠባቂነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፣ ቃለ ጉባኤውን አልፈርምም ብዬ ወጥቻለሁ። ረቡዕ የተለጠፈው ቅጂ ላይ ግን ከስሜ ትይዩ የአውራ ጣት አሻራ አየሁ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሜን አይቶ ፊደል አልቆጠረችም ያለው ሰው ማን ነው? እኔ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሁለት ክረምት አስተምሬ የምስክር ወረቀት የተሰጠኝ ሰው ነኝ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማም የእርስዎ ነው። ከእኔ የተማሩ የሻይ ቤት ሴቶች ዛሬ በእስክርቢቶ ይፈርማሉ፤ አስተማሪያቸው ግን በእርስዎ ቸርነት ወደ ጣት ቀለም ተመልሳለች።

አራተኛ፣ በራሴ ጥያቄ ወደ ደጋ አገር መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጥያቄዬን ሳልጠይቅ ስለፈጸሙልኝ አመሰግናለሁ።

የሚቀጥለውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ቁጥር ከሰጠሁት እንዳይቀንሱት ፈርቼ ነው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይጠያየቃል፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላል፤ ተጠያቂውም በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው ለይቶ ይናገራል። በዳጉ የዋሸ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ውሃ በዚህ በኩል አለ ቢል የሚከተለው የለም። እሑድ ቆጥረን እንደጨረስን፣ እርስዎ ሳይመጡ፣ ሽማግሌው ዑመር በመስኮት ዳጉ ጠየቁኝ። ጣሃ አሸንፏል፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄ ጽፌዋለሁ አልኳቸው። ቃሌን ተሸክመው ሄዱ፤ በሦስት ቀን ሩቅ አገር አዳይቱ ድረስ ደርሷል።

ዓርብ ዕለት ዑመር ወንዙን እንደገና ተሻግረው መጥተው በክፍሌ በር ላይ ቆሙ። «አንቺ ልጅ፣ ያን ቀን ያየሽውን ነው የነገርሽኝ ወይስ የሰማሽውን?» አሉኝ። «ያየሁትን ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «ወረቀቱ ላይም ያንቺ ስም አለ ይላሉ። ሁለት ነሽ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «በእኔ አፍ ነው የዋሸሽው፤ ከእንግዲህ ማን ነው እኔን የሚጠይቀኝ?» ብለው መልሴን ሳይጠብቁ ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልወስደኝ ብሏል፤ አልፈርምም በማለቴ የዛቱብኝ ሰዎች ሁሉ ተሰብስበው እኒያን ሽማግሌ አያህሉብኝም።

አባቴ ይህን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። «ሀምዱዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ጣት ነው እንጂ አንገት አይደለም፣ ተዪላቸው» ብሎኛል። አባቴ ሃያ ዓመት ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ለመጣው ሹም ሁሉ እሺ ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ያሳደገኝም በዚያ እሺ ነው፤ አልወቅሰውም። እኔ ግን እሺታዬ አልቋል።

ባለ ዝሆኑን ጓድ ሸንጎ ከመግባት ላስቀረው አልችልም፤ ካፖርቱ እዚያ ይመቸዋል። ከሥራ ብታግዱኝ ያስተማርኩትን ልትቀሙኝ አትችሉም፤ ብታስሩኝም የምታሰርበት ምክንያት በዚህ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ስሜ ግን እኔ ባልቆጠርኩት ቁጥር ሥር አንድ ቀን እንኳ እንዲያድር ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም። ሽማግሌው ዑመር በእኔ ምክንያት ውሸታም መባላቸውንም አልቀበልም። የአምስተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ቁጥሩ በጠመኔ እንደተጻፈ አለ። መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።

ቀይ እርሳሴን እንዲመልሱልኝ እያሳሰብኩ፣ ለእጅዎ ዕረፍትን፣ ለወንዙ ትዕግሥትን ከልብ የምመኝ፣

በገዛ እጄና በሙሉ ስሜ የፈረምኩት
ሀምዳ ከማሉዲን
የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ

ተጨማሪ፦ የአውራ ጣቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ቢያውቁ፣ የጎልማሶች መሠረተ ትምህርት ሰኞ ከሰዓት በኋላ በክፍሌ እንደሚጀምር ይንገሩልኝ። እንዳያፍር፤ የመጀመሪያው ትምህርት የራስን ስም መጻፍ ነው፣ እጁን ይዤ አስተምረዋለሁ። የእኔን ስም ግን ለእኔ ይተውልኝ።