የፋጡማ ሞተር ሳይክልና የግራ ጆሮዬ

ሰኞ

የፋጡማ ሞተር ሳይክል ዛሬም ወደ ጋራዤ ተመለሰች። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ፋጡማ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከአዋሽ እየተነሳች ገጠር ለገጠር ትዞራለች። ሞተር ሳይክሏ ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት። ሲሞቃት ይተናነቃታል፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ከዚያ ቀጥ ትላለች። ዛሬ ምጥ ወደያዛት ሴት እየሄደች መንገድ ላይ ቆመችባት። አንድ አይሱዙ አሳፍሯት ደረሰች፤ ልጁ ግን ቀድሟት ተወልዷል። እናትየዋም ልጁም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ባይሆኑስ ኖሮ?

ፋጡማ አልተቆጣችም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ የሆነ ነገር ተናገረች፣ ሄደች። ምን እንዳለች አልሰማሁም። ራሴን ነቀነቅኩ።

ባለፈው "ደህና ናት" ብዬ ያስረከብኳት እኔ ነኝ። በምን አወቅኩ? ጭሱን አይቼ፣ እጄን ጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው አፍ ላይ አድርጌ። በካርቡሬተር ጊዜ ካቻቢቴዬን ይዤ ጆሮዬን ዘንበል ማድረግ ይበቃኝ ነበር። ቤንዚን ሲበዛባት ድምጿ ይወፍራል፣ ሲያንሳት ይሳሳል፤ መሃሉን ሳገኝ አውቀዋለሁ። ይቺ ግን ኢንጀክሽን ናት። ቤንዚኑን የሚመጥንላት ኮምፒውተር ነው። ለኔ የተወልኝ ሳትሄድ ቆማ ስትሠራ ድምጿን የሚመጥነው የሚኒሞ ብሎን ብቻ ነው፣ እሱም አየር እንጂ ቤንዚን አይነካም። አንዴ አላላሁት፣ አንዴ አጠበቅኩት። ድምጿ መለወጡን ግን አልለየሁም።

ለማንም አልተናገርኩትም፣ እዚህ ልጻፈው። የግራ ጆሮዬ ከሞላ ጎደል አይሰማም። ቀኙም እየተከተለው ነው።

ማክሰኞ

ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀመረ። ብረቱ አይያዝም።

የዙህር አዛን አመለጠኝ። ጎረቤቴ ዑመር ኮፍያውን አድርጎ ሲወጣ አይቼ ተከተልኩት። ሰሞኑን የሶላት ሰዓት የማውቀው በሰው እግር ነው።

ልጃችን ከኮምቦልቻ ደወለች። እንደ ልማዴ ስልኩን ወስጄ ለሚስቴ ለዘሀራ ሰጠኋት። ዘሀራ ምግብ ቤቷ በሾፌር ተሞልቶ ነበርና በአንድ እጇ ሳህን በሌላው ስልክ ይዛ በቅሬታ አየችኝ። እንዲህ ያለ አስተያየት ከጀመረችኝ ቆይታለች። ምሳ ታቀርብልኛለች፣ ዝም ብላ ትመለሳለች። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ለመጠየቅም ደክሞኛል።

ሰመራ ውስጥ ሁመድ የሚባል የድሮ ባልደረባዬ አለ። ስኳር እርሻው ጋራዥ አብረን ስንሠራ አማርኛውን ከኔ ነው ያጠራው፣ እኔ ግን አፋርኛ ከሱ ሳልማር ቀረሁ። አሁን የራሱን ጋራዥ ከፍቷል፤ የሞተርን ኮምፒውተር የሚያነብ ማሽንም ገዝቷል። ደወለልኝ፣ አላነሳሁም። በጽሑፍ ነገርኩት። "ይዘሃት ና" ብሎ መለሰ።

ፋጡማም እሺ አለች። እስክመለስ ከሌላ ነርስ ሞተር ሳይክል ትዋሳለች።

ረቡዕ

ባዶውን ሰመራ አጠገብ ወዳለችው ሎጊያ የሚወርድ አይሱዙ ተገኘ። ሞተር ሳይክሏን ከኋላ አስረን እኔ ጋቢና ገባሁ። ሾፌሩ ተስፋዬ የሚባል የአዳማ ሰው ነው፣ ወሬ ይወዳል። እሱ የተቀመጠው በግራዬ ነው። በዚያ ላይ መስኮቱ ክፍት፣ ነፋሱ እሳት፣ ሞተሩ ይጮኻል። አፉ ሲንቀሳቀስ እያየሁ አንዴ "እህ"፣ አንዴ "ልክ ነህ" እላለሁ። ፈገግ ያለ ሲመስለኝ ፈገግ እላለሁ። ገዋኔን እንዳለፍን ረጅም ነገር አወራና ወደኔ ዞረ። "እሰይ፣ ደስ ይላል" አልኩት።

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። አዳይቱን አለፍን፣ ሌላም ብዙ መንገድ ሄድን፣ አንድ ቃል የለም። ደክሞት ነው ብዬ እኔም ተኛሁ።

ሚሌ ምሳ አዝዘን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ቁራሽ አላነሳም። ፊት ለፊቴ ስለነበረ ይሄኛውን ሰማሁት።

"ወንድሜ፣ እናቴ ሞተች ስልህ እሰይ ትለኛለህ?"

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። መዋሸትም አልቻልኩም።

"አልሰማሁህም" አልኩት። "የግራ ጆሮዬ አይሰማም። መንገዱን ሙሉ ያወራኸውን አንዱንም አልሰማሁ።"

ወንበሩን ወደኔ ሳበ። ከዚያ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አለ። ስለ እናቱ እንደገና ነገረኝ፣ ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብሎ። ፋሲካን አብረው ውለው ከሁለት ቀን በኋላ ነው የሞተችው። እግዜር ያጥናህ አልኩት። ከሚሌ በኋላ ሊያወራኝ ሲፈልግ ጉልበቴን መታ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጮክ ይል ጀመር።

ሚስቴ የማታውቀውን አንድ መንገደኛ አወቀው።

ሐሙስ

ሁመድ ማሽኑን ሰካ። ሞተሯን አስነስተን በደንብ እስክትሞቅ ጠበቅን፤ እዚህ ለመሞቅ ጊዜ አይፈጅባትም። ማርሚታው እጅ ያቃጥላል፣ እኛ ጥላ ስር ሆነን ላባችን ይንጠባጠባል። ስክሪኑ የሞተሯን ሙቀት አወጣ፤ ከዜሮ በታች ሃያ።

ሁመድ ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። "ሰይዶ፣ ይቺ ሞተር በረዶ አገር ያለች መስሏታል።"

ሳቅን። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙቀቱን ለኮምፒውተሩ የሚነግር አንድ ሴንሰር አለ። የሶኬቱ ጫፍ ውኃ ገብቶት አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ብርድ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምርላታል፤ እሷ ደግሞ በሙቀት እየነደደች ያ ሁሉ ቤንዚን ያንቃታል። እሳት የምትሰጣትን ካንዴላ ብንፈታ እንደ ከሰል ጠቁራለች። ሶኬቱን ቀየርን፣ ካንዴላ ቀየርን። ቁጥሩ ልክ ሲገባ ሁመድ በማሽኑ ቤንዚኑን አንድ እርከን ቀነሰ። ሎጊያ ደርሼ ተመለስኩ። ካንዴላዋ አሁንም ጠቆር ብላለች። ሌላ አንድ እርከን ቀነስንላት፣ እንደገና ሄድኩ። አሁን የሸክላ ቀለም ያዘች። ልኳ ይሄ ነው።

ከዚያ የጆሮዬን ነገር ለሁመድ ነገርኩት። አንዴ ከአፌ ወጥቷል፣ ሁለተኛው ቀለለኝ። ይሄ ብልሽት በጆሮ የሚገኝ አይደለም፣ ደህና ጆሮ ያለውም አያገኘውም አለኝ። ልክ ነው። ግን ማርሚታው እንደ ጥይት ጧ ጧ እያለ ነው ደህና ናት ብዬ የሰጠኋት። ያንን ጆሮ ያለው ሰው ይሰማው ነበር። ይህንንም አልኩት። አልተከራከረኝም። "ለዘሀራ ነግረሃታል?" አለ ብቻ። መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ነገ ጁምዓን እዚሁ ሰግጄ አርፋለሁ።

ቅዳሜ

እየነዳሁ ልመልሳት ብዬ በጠዋት ተነሳሁ። መንገዱን ሙሉ ብትፈተን ይሻላል ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አምሮኝ ነው። ከሚሌ ወዲህ ፀሐይዋ ጠነከረች፣ እሷ ግን ቅር አላላትም። ድምጿን ባልሰማም በጭኔና በመዳፌ አውቃታለሁ። ትንቀጠቀጥ የነበረችው ቀርቷል። ደስ አለኝ።

አዳይቱ ልገባ ስል አንድ ተሳቢ በግራዬ ሽው ብሎ አለፈኝ። ንፋሱ ወደ ጠጠሩ ገፋኝ፣ እንደምንም ሚዛኔን ያዝኩ። ሾፌሩ ወደፊት ቆሞ ወረደ። ፊቱ ከኔ የባሰ ነጥቷል። ጥሩምባውን ከሩቅ ጀምሮ እየነፋ እንደነበር ነገረኝ፣ መንገድ ዳር ያሉት ሰዎችም መሰከሩ። አልሰማሁም።

የአንዲት ወሎዬ ሴት ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ሴትዮዋ ሌላ ቀዳችልኝ። መንዳቱ በቃኝ። ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዳማ የሚሄድ አይሱዙ አገኘሁና ጥግ ላይ ለኔና ለሞተር ሳይክሏ ቦታ ለቀቁልን። አዋሽ ስገባ ገና አልመሸም ነበር። ዘሀራ ከራስ እስከ እግሬ አየችኝ። ደክሞኛል ብዬ ገባሁ።

እሁድ

ምግብ ቤቱ ሳይከፈት፣ ዘሀራ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ወንበር ስቤ በቀኝ ጆሮዬ በኩል እንድትሆን አድርጌ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ጆሮዬን፣ ሾፌሩን፣ አዳይቱን። አስረዝሜ አልነገርኳትም። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ስጠራህ ጥለኸኝ ስትሄድ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር" አለች። "ሌላ ልታገባ ያሰብክ መስሎኝ ነበር።"

እኔ ሳቄ መጣ። እሷ አልሳቀችም። ማታ ማታ ጀርባዬን ስሰጣት ታናግረኝ ነበር ለካ። ስለ ልጃችን እርግዝና ነግራኛለች፣ ዝም ብያታለሁ። ወንድሟ መታመሙን ነግራኛለች፣ ዝም ብያታለሁ። አንዴ አንተ ልብህ ደርቋል ብላ አልቅሳም ነበር። ስተኛ ደህናው ጆሮዬ ትራሱ ላይ ነው፣ ወደ ላይ የሚቀረው ግራው ነው።

ልጃችን ማርገዟን ዛሬ ሰማሁ።

ዘሀራ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ ከሽንኩርቱ ነው አለች። ከዚያ ተነሥታ በግራዬ ቆመችና አንድ ነገር ተናገረች። ዞሬ ምን አልሽ አልኳት። "ምንም፣ ስፈትንህ ነው" አለች። ቀጥሎ ተቆጣችኝ፣ በደንብ አድርጋ፣ ስንት ጊዜ ያጠራቀመችውን። ሁሉንም ሰማሁት።

ሰኞ

ፋጡማ መጥታ ሞተር ሳይክሏን ወሰደች። ሶኬቱን አሳየኋት፣ ስታጥባት ውኃ እንዳታስነካው ነገርኳት። ባለፈው ሳላጣራ በመስጠቴ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ምክንያቱንም ነገርኳት። ያ ቀድሟት የተወለደው ልጅ ደህና ነው፣ ጡትም ይጠባል አለችና የሞተር ኮፍያዋን አጥብቃ ወጣች። ወደ አስር ሰዓት "ደርሻለሁ፣ አልቆመችም" የሚል ጽሑፍ ላከች። ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት።

ሐሙስ ዘሀራ ምግብ ቤቱን ዘግታ አዳማ የጆሮ ሐኪም ጋ ልትወስደኝ ነው። ይድናል ይሉ ይሆን፣ መሣሪያ አድርግ ይሉ ይሆን፣ ወይ እንዲሁ ያሰናብቱኝ ይሆን፣ አላውቅም። ሥራውን እስከ መቼ እንደምይዘውም አላውቅም። እንዲያው ዛሬ ሰውነቴ ድቅቅ ብሏል።

ልዘጋ ስል አንድ ባጃጅ ገባ። የማላውቀው ሰው ነው። ሳይወርድ ገና ችግሩን ማውራት ጀመረ። "ወንድሜ፣ በዚህ በኩል ቁምልኝ፣ ያኛው አይሰማም" አልኩት።

ወረደና ወደ ቀኜ ዞረ። ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።