በሩን አንሳልኝ

ሰኔ 9

ዝናብ። የጋራዡ በር እንደገና አበጠ። እንጨት ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይጠጣና ከመቃኑ ጋር ይጣበቃል። ጠዋት ባለቤቴ ኮሪደሩ ጫፍ ቆማ፣ "በሩን አንሳልኝ" አለች። ቀኝ ትከሻዋን ኦፕራሲዮን ከተደረገች ወዲህ ማንሳት አትችልም። ሻዬን ትቼ ወጣሁ። ጎንበስ ብዬ ታግዬ አነሳሁት... ጩኸቱ ሰፈር ይቀሰቅሳል። መኪናዋን አውጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከወንድሟ ጋር ተጣልቼ ከምሳ ጠረጴዛ ካስነሳሁት ወዲህ እኔና እሷ የምንነጋገረው ይቺን ብቻ ነው። በሩን አንሳልኝ። ማታ ስትመለስ ደግሞ ክላክስ፣ እንዳነሳላት። ጥፋቱ የወንድሟ ነበር። አሁንም እላለሁ።

ሰኔ 12

አናጢው መጣ። በየዓመቱ ጠርዙን ይልጋል፣ ይቀባል። በበጋ ደግሞ በሩ ይኮሰምንና በስንጥቁ ድመት ትገባለች።

"ጋሼ፣ እንጨት እኮ እንደ አማት ነው። አመሉን ችሎ መኖር ነው።"

አልችልም። አመል የሌለው በር እፈልጋለሁ አልኩት።

"ካገኙ ለኔም ይንገሩኝ።"

ሰኔ 17

በር መሸጫ ዋልኩ። ብረቱ ይዝጋል። አሉሚኒየሙ ኳስ ሲመታው ይሰረጉዳል። ፋይበርግላሱ፣ በመስታወት ክር የጠነከረው ፕላስቲክ፣ የእንጨት መልክ አለው፣ የእንጨት አመል የለውም። አያብጥም፣ አይበሰብስም፣ ቀላል ነው። አልፎ አልፎ በሳሙና ውሃ ማጠብ ብቻ።

"ዘላለማዊ ነው ጋሼ" አለኝ ሻጩ። ዘላለማዊ የሚለውን ቃል ለነጋዴ ማን ፈቀደለት? ፀሐይ እንደሚያደበዝዘው፣ መኪና ከገጨው እንደሚሰነጠቅ አስረዳሁት።

"ታዲያ ካወቁት ምን ጠየቁኝ?"

ያም ሆኖ እሱኑ አዘዝኩ።

ሰኔ 18

የቀለም ናሙናዎቹን እራት ላይ ፊቷ ደረደርኩላት።

"የወደድከውን።"

"ጥገና አይፈልግም" አልኳት።

"ታድሎ" አለችና ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

ምን ማለቷ ነው?

ሐምሌ 3

በሩ ተገጠመ። ሠራተኛውን የበሩን ማንሻ ሞላ ደጋግሜ አስፈታሁት። መጀመሪያ ሞላው ላላ፣ በሩ መሐል ላይ ቆመ። ቀጥሎ ጠበቀ፣ እንደ ወጥመድ ተስፈነጠረ።

"በአንድ እጅ መነሳት አለበት። ያውም በግራ እጅ።"

"ለማን ብለው ነው እንዲህ የሚጨነቁት ጋሼ?"

"ለበሩ።"

በመጨረሻ በጣቴ ነካ አደረግኩት፣ ተነሳ። ድምፅ የለም። እሷም መጥታ በግራ እጇ ሞከረችው። አነሳች። ዘጋች። እንደገና አነሳች።

"ተገላገልክ" አለችኝ።

ሐምሌ 4

ሻዬን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ማንም አልጠራኝም... ይህን አይደል የፈለግኩት?

ሐምሌ 11

ሳምንት ሆነ። አንድ ቃል የለም። ማታ መኪናዋ ገብታ አየኋት፤ መቼ እንደገባች አልሰማሁም። ክላክሱም ቀርቷል። ለምን ትነፋ?

በሩን በሳሙና አጠብኩት። ቆሻሻ አልነበረውም።

ሐምሌ 19

አናጢውን መንገድ ላይ አገኘሁት።

"እንዴት ነው አዲሱ? አመል አወጣ?"

"ምንም።"

"ጉድ ነው። በምን ይጫወታሉ ታዲያ?"

ተቆጥቼው ሄድኩ። ምን አደረገኝ?

ሐምሌ 23

ሲዘንብ አድሮ፣ ጠዋትም ያካፋ ነበር። ጫማዬን አድርጌ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የክፍሏ በር ክፍት ነው። አልጋው ተነጥፏል። ወጣሁ። ጋራዡ ተዘግቷል፤ አንስቼ አየሁ፣ መኪናዋ የለችም፤ መልሼ ዘጋሁት።

የበሩን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በእጄ ዳሰስኩት። ከመቃኑ ጋር የሚገናኝበትን በተለይ።

አላበጠም።