ከራዳሩ ፊት ዞር በል

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት ፫ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ፣ አንድም ቀን ሰምተኸኝ ለማታውቀው ወንድሜ ለእንዳላማው፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ ደኅና ነን። ታላቃችን ጋሼ አበረ ጤፉን ወቅቶ ጨርሷል፤ ወገቤን ወገቤን ይላል እንጂ ደኅና ነው። አንተ ግን የምትጠብቀው የጋሼን ወገብ ሳይሆን ከቁይ የሚመጣውን የጋብቻ መልስ እንደሆነ አውቃለሁ። እነግርሃለሁ፤ ብቻ እንደ ልማድህ መሀል ላይ "በቃሽ" እንዳትለኝ።

በአስተርእዮ ማርያም ማግስት እኔና ጋሼ ሽማግሌዎቹን ይዘን ከንግስት አባት ከግራዝማች ወልደ ሩፋኤል ቤት ሄድን። በክብር ተቀበሉን። ነገሩ ሲነሣ ግን ግራዝማች ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ "እመት ፋንታነሽ፣ ለጥምቀት ይዛችሁት የመጣችሁት ሰውዬ እኮ የሙሽራው አባት መስሎኝ ነበር። እኔ ለልጄ ባል እንጂ አያት አልፈልግላትም" አሉ።

"ኧረ በማርያም! አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው!"

"እሱ እርስዎን አዝሎ ያሳደገ ነው የሚመስለው" አሉኝ። የራሳችን ሽማግሌዎች እንኳ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ። እውነታቸውን ነው፤ በጥምቀት ዕለት የቤቱ ወጣት ሁሉ "ኖር" ብሎ ተነሥቶ መጀመሪያ ያንተን ጉልበት ሲስም፣ ዐሥር ዓመት የሚበልጥህን ጋሼን ከኋላ ሲያስከትለው፣ እኔም እኮ ስቄ ነበር።

አፍረን ወጥተን መኪና ስንጠብቅ ንግስት ተከትላን መጣች። ከክሊኒኩ መምጣቷ ነው፤ የድሬሰር ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። "እመት ፋንታነሽ፣ ተራራው ላይ ሥራው ምንድን ነው?" አለችኝ። እኔም ኩራቴ መጣና ራዳር የሚሉትን መሣሪያ እንደምትጠግን፣ ውርጩ ሲብስባችሁ ደግሞ ከመሣሪያው ትልቅ ሳህን ፊት ቆማችሁ እንደምትሞቁ፣ "እሳት የለው፣ ጭስ የለው" እያልህ እንዳሳቅኸን አወራኋት። እሷ አልሳቀችም።

"ዓይኑን ፀሐይ ላይ አይቼዋለሁ፤ ብሌኑ ላይ ሞራ አለ። የሽማግሌ ሕመም ነው፤ እሱ ግን ሽማግሌ አይደለም። አባቴ ዕድሜውን ዋሹኝ ብሎ ነው የተቆጣ፤ እኔ እርስዎን አምኛለሁ" አለችኝ።

በሳምንቱ እዚህ ድረስ መጥታ ይዛኝ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ እንዳለው፣ ከዚያ ሳህን የሚወጣው ጨረር፣ ማይክሮዌቭ ይሉታል፣ አይታይም እንጂ ከቅርብ ሥጋን ያሞቃል። ዓይን ደግሞ ሙቀቱን የሚያበርድበት ስለሌለው እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይነጣል። ስለ ሽበትህና ስለ ድካምህ ስጠይቀው፣ "እሱን አላውቅም፤ ያወቀም ያለ አይመስለኝም" አለኝ። ሳያውቅ አውቃለሁ ባለማለቱ ወደድሁት። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ብቻ መጀመሪያ ከዚያ ነገር ፊት ዞር ይበል አለ።

ተናድጃለሁ፣ እንዳላማው! "ነፋስ መታኝ"፣ "አቧራ ነው" ስትለኝ ከረምህ። እናታችን እኮ በስተርጅናዋ እንኳ ክር ከመርፌ የምታስገባ ሴት ነበረች። አንተ በዚህ ዕድሜህ ዓይንህን አጥተህ ሳይ ምን ሆኜ እኖራለሁ? እንጀራዬ ነው ትለኛለህ። የሚጠገን ራዲዮ ማርቆስም ሞልቷል።

የንግስት መልስ ይኸውልህ፤ "ከተራራው ይውረድና ይታከም። ሞራው ባይነሣለትም አገባዋለሁ፤ አባቴን ለእኔ ተዉት። እዚያው እቆያለሁ ካለ ግን አልጠብቀውም።" አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። እኔ ብሆን ይህን ያህል አልታገሥህም ነበር።

ጋሼ ናፍቆኛል በይው ብሎሃል። እመብርሃን ትጠብቅህ፤ በደኅና አምጥታ ከደጃችን ታቁምህ።

እኅትህ
ፋንታነሽ

ይህን ደብዳቤ ለምታነብለት ወንድሜ፤ ስምህን አላውቅም። ያለፉትን ደብዳቤዎቹን አንተ እንደጻፍህለት ግን ገብቶኛል፤ የወንድሜ የእጅ ጽሕፈት ጠፍቶኝ አያውቅም። "ስለ ዓይኔ ያለችውን ዝለለው" ብሎህ ከሆነ፣ እባክህ ተመለስና ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብለት። አንተስ፣ ከሳህኑ ፊት አብረኸው የምትሞቅ ከሆነ፣ የኔ ወንድም፣ ስንት ዓመትህ ነው? ሰዉስ ስንት ይሆነዋል ይልሃል?