ቀለም ቀለም የሚል ቅቤ

ሰኞ

ኤጭ! ዛሬም አንድ ክምር ወረቀት ታቅፎ ገባ። ምሳ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈውና ግማሹ ሹሮው ውስጥ ገባ። ባሌ ገመቹ ኮሌጅ ውስጥ ብረታ ብረት ሲያስተምር የኖረ፣ ደህና ሰው ነበር። ከክረምት ወዲህ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ከኢንተርኔት የፈረንጅ የድሮ ፓተንት እያወረደ ማተም ሆኗል ሥራው። ከመቶ ዓመት በፊት አንዱ ዕቃ ይፈጥርና ሥዕሉን ያስላል፣ ለእያንዳንዷ ብሎን ቁጥር ይሰጣታል፣ «የእኔ ነው» ብሎ ያስመዘግባል። አሁን ጊዜው ስላለፈ ማንም ቢሠራው አይጠየቅም ይላል ገመቹ።

ደወል ያለው የአይጥ ወጥመድ። ድንች መቆፈሪያ። ሰው ሰላም ሲሉ ከራስ ላይ ብድግ የሚል ባርኔጣ። ለዶሮ የሚደረግ መነጽር! ለዶሮ! እኔ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ በሽተኛ የራሱን ስም ማንበብ ሲያቅተው አያለሁ፣ እነሱ ለዶሮ መነጽር ሰፍተዋል።

ከዚህ ሁሉ አንዱን መርጦ ሠራ፦ በእጅ እየተዘወረ እርጎ የሚንጥ በርሜል። እውነቱን ልናገር፣ ሥዕሉ ያምራል። የፈረንጁ ከእንጨት ነው፣ የገመቹ ከላሜራ። እስከዚህ ችግር የለብኝም። ዛሬ ግን ሥዕሉን በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ ከሥሩ «የፈጠራው ባለቤት መምህር ገመቹ» ብሎ ሲጽፍ አየሁት። ዓርብ ኮሌጁ የፈጠራ ውድድር አለው፤ ከዞን ዳኛ ይመጣል። የፈረንጁስ ስም አልኩት።

«ሞቷል እኮ» አለኝ።

ሞቷል! ሰው ከሞተ ይዘረፋል ማለት ነው? ቋቅ አለኝ። እራቴን ሳልበላ ተነሣሁ።

ማክሰኞ

ግቢው በሙሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። በርሜሉን አረንጓዴ ቀባው። ለምን ሲባል ዳኞች የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳሉ።

ማታ ደግሞ የባሰውን አመጣ። ለማሳያ ብዙ እርጎ ያስፈልገኛል፣ የውጆውን ስጪኝ አለ። ደሜ ፈላ። የውጆ ወተት የማንም ወተት አይደለም። የሰፈራችን ላም ያለን ሴቶች ወተታችንን እያዋጣን በየተራ ለአንዳችን እንሰጣለን፤ ተረኛዋ ከብዙ እርጎ ብዙ ቅቤ ታወጣለች፣ በሌላ ሳምንት እሷም ለሌላዋ ታዋጣለች። የዚህ ሳምንት ተረኛ ጫልቱ ናት። ጫልቱ ደግሞ ቀኗ ደርሷል፣ ዛሬ ነገ እየተባለ ነው። ቅቤው ለአራስ ገንፎዋ ነው። ይሄን እያወቀ ነው የጠየቀኝ።

አይሆንም አልኩት። እሺ ብሎ ወረቀቱን አጣጠፈ። ቶሎ እሺ ሲል ነው የምፈራው።

ረቡዕ

ይኸው! ከሥራ ስመለስ አዴ ቡልቱ ደጃፋቸው ላይ እየሳቁ አገኘኋቸው። አዴ ቡልቱ የጫልቱ አማት ናቸው፣ የውጆውም ዋና እሳቸው። ባሌ ማር በተቀባ አፉ አሳምኗቸው ሄዷል። የእጅ ድካም ቀረ፣ የመናጫ ቅል ለሙዚየም ነው፣ እርጎው እዚያው ተንጦ ቅቤው ሳይጎድል ለጫልቱ ይመለሳል ብሏቸው።

እሳቸው ግን ሞኝ አይደሉም። አንቺ አጠገቡ ከቆምሽ እሺ፣ አለዚያ አንዲት ጠብታ አልሰጥም አሉኝ። እሱ ቃል ገባ፣ እኔ ዋስ ሆንኩ ማለት ነው። እምቢ ብል ባሌን አዋረድኩ፣ እሺ ብል ውሸቱ አጠገብ መቆሜ ነው። እሺ አልኩ። እንዴት እንደጠላሁት! እሱንም፣ እሺታዬንም።

ሐሙስ

ገመቹ አዳራሽ ሊያዘጋጅ ሄዶ ሳለ ሴቶቹ በርሜሉን ሊያዩ መጡ። የውጆ ጓደኛችን እቴነሽ በጣቷ አንኳኳችው፣ ሣቀች። አዴ ቡልቱ ከላይ ባለችው ጠባብ ክዳን በኩል ጎንበስ ብለው አሸተቱና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄ ብረት ብረት ይላል። ሳይታጠን እርጎ አይገባበትም» አሉ።

ልክ ናቸው። መናጫ በወይራ ካልታጠነ ቅቤው ምን ጣዕም አለው፣ ምንስ ያቆየዋል? ቅል ይሁን በርሜል ያው መናጫ ነው አልን። ወይራ ለኮስን፣ ፍሙን በቆርቆሮ አድርገን አስገባን፣ ክዳኑን ዘጋን። አጠንነው፣ ደገምነው። ብረቱ እጅ እስኪያቃጥል ድረስ። ከወይራው ጭስ ሥር ሌላ ሽታ ያለ መሰለኝ። ከውጭው ቀለም ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ እርጎውን ገለበጥን።



ዓርብ

እጄን ሦስቴ ታጠብኩ። አይለቅም።

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ አልተኛም። አዳራሹ ሙሉ ሰው። ገመቹ ክራባት አስሯል። ሌሊት ሙሉ እንዴት እንዳሰበው፣ እንዴት በሕልሙ እንደመጣለት ተናገረ። በሕልሙ! እኔ አጠገቡ ቆሜ ወለል ወለሉን አያለሁ። ከዚያ መዘወሪያውን ያዘ። እውነትም ቅል ከሚወስደው ጊዜ በጣም ባነሰ ቅቤው ወጣ። ተጨበጨበ፣ እልል ተባለ።

ክዳኑን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ። ቅቤው ላይ አረንጓዴ ቅርፊት ቅርፊት ነገር ተንሳፍፏል። በማንኪያ ጫር ጫር አድርጌ ደበቅኩት፣ ምን ላድርግ፣ ካሜራ አለ።

ዓርብ ስለሆነ ጾመኞቹ ዳኞች በሰላም አመለጡ። እቴነሽም ከኋላ ሆና በጾሟ አመካኘች። ከዞን የመጡት ሰውዬ ግን አይጾሙም። ሳህኑን ወስደው በጣታቸው ጠቅ አድርገው አፋቸው ከተቱ። አየኋቸው፣ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ጉሮሯቸው ወጣ ወረደ። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞረው «የተፈጥሮ ጣዕሙን የጠበቀ ነው» አሉ።

እፍ! ከቅቤው ይልቅ ይሄ አቅለሸለሸኝ። እሳቸው ስለዋጡ ተከታዮቹም ዋጡ። ገመቹም ቀመሰ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ዋጠ። አንደኛ ወጣ። የምስክር ወረቀቱን ይዞ ፎቶ ሲነሳ እኔ በሌላኛው በር ወጣሁ።

ቅዳሜ

ጫልቱ ሌሊቱን ወለደች። ሴት ልጅ። ደህና ናቸው፣ ተመስገን።

ቅቤውን ይዤ ሄድኩ፣ ባዶ እጄን እንዴት ልሂድ? ገና በሩ ላይ ሳለሁ አዴ ቡልቱ አሸተቱት። ቢነጠር ይድን ይሆናል ብለው ኮሰረት ጨምረው ጣዱት። ጉድ ነው! ቤቱ በሙሉ ቀለም ቀለም አለ። ጫልቱ ከጓዳ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ስትል ሰማሁ፣ ከነሕፃኗ ወደ ጎረቤት አሸሿት። ድስቱን ደጅ አውጥተው ቢደፉት ውሻው አሽትቶ ትቶት ሄደ።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ከለከሉኝ። ሳይቆጡ ነው የተናገሩት፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ወተቱን ለማሽን አልሰጠሁም ልጄ። ላንቺ ነው የሰጠሁት።»

ቤት ስገባ ገመቹ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ሚስማር ይፈልጋል። ከአፌ ያልወጣ ነገር የለም። ሌባ አልኩት፣ አስመሳይ አልኩት። የበርሜሉን ውስጥ ምን አድርገኸው ነው ስለው እንዳይዝግ ብሎ ውስጡንም ቀብቶታል! እኛ ደግሞ ፍም አስገብተን ያንን ቀለም አበሰልነው።

«ማን አጥኑ አላችሁ?» ብሎ ጮኸ። «ወረቀቱ ላይ የለም!»

ወረቀቱ ላይ የለማ። ፈረንጁ ወይራ የት ያውቃል? አንተ ግን በወይራ በታጠነ ቅቤ ያደግህ ሰው ነህ አልኩት። ወረቀቱን ስታይ እናትህን ረሳሃት? ሚስማሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

እሁድ

ቸርች ብቻዬን ሄድኩ። ስመለስ በረንዳው ላይ ከበርሜሉ ጋር ተፋጦ ተቀምጧል።

ስልኩ ጮኸ። ከዞን የመጡት ሰውዬ ናቸው። ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ቆሜ ሰማሁ። ማሽኑ ይባዛ፣ በየከተማው፣ ለካቺሲም ለሸነንም ይላክ፣ ሪፖርቱ ተጽፏል አሉት። ገመቹ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ኦቦ፣ ሥራው የእኔ አይደለም። ፈረንጅ የሠራውን ነው የገለበጥኩት። ቅቤውም አይበላም፣ እርስዎም ቀምሰውታል» አላቸው። ባሌ ይሄን ሲናገር ሰማሁ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ሰውዬው ሣቁ። ትሕትናውን ወደዱለት። የማን ይሁን የማን ምን ለውጥ አለው፣ ብቻ ለሚቀጥለው ደመቅ ያለ ቀለም ፈልግ ብለው ዘጉት።

ተያየን። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ሁለታችንንም እኩል አስጠላን።

ከላሞቼ ከሐሙስ ጀምሮ ያጠራቀምኩት እርጎ ነበረኝ። ለጫልቱ ብዬ ቅሉን አጥኜ ልንጥ ስቀመጥ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ስጪኝ አለ። በእኛ ሰፈር ወንድ ሲንጥ ታይቶ አይታወቅም፣ በሩን ልዝጋልህ ብለው ተዪው ክፍት ይሁን አለኝ። ገና እንደጀመረ እንደ ቡና ወቀጣ ያጋጨዋል። ወዲያው አዴ ቡልቱ ትናንት ልፈትግላቸው ያመጣሁትን ድስታቸውን ሊወስዱ መጡ። አዩት። አልሣቁም፣ ሰላምም አላሉትም። ደፉ ላይ ተቀመጡና «ቀስ በል። ሄድ መለስ ነው እንጂ ውጊያ አይደለም» አሉት።

እሺ አዴ አለ። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ካቺሲና ሸነን የሚባለውን ነገር ነገ እንዴት እንደሚያደርገው አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። የእኔ እጅ አሁንም ቀለም ቀለም ይላል። አዴ ቡልቱ አልተነሡም፣ ይጠብቃሉ።

ቅቤው ገና አልወጣም።