የሐኪም ትእዛዝ ነው ይላል

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ

ለምወድሽ ልጄ ለዕፀገነት፣

የዶሃው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ አንገሽግሾኛል እንጂ። በስልክ እንዳልነግርሽ አባትሽ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ጎረቤታችን ሜቲ ወደዚያ ስለምትመጣ ይህን ታደርስልሻለች።

«በእኔ ሞት አረቄውን ተው» ብለሽ ያስማልሽው ጊዜ፣ እውነትም ተወ። ባንዴ አቆመ፤ ጠብታ አልቀመሰም። ከዚያ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ያልበው ጀመር። ቀጥሎ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ወድቆ አረፋ ደፈቀ። ጎረቤቱ ሁሉ ክብሪት እየጫረ አፍንጫው ሥር ደቀነ፤ አንዷማ «ለክፎት ነው» አለች። ሱሪውን አርጥቦታል፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት! ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ሆስፒታል ራሱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው የአንጎሉን ኤሌክትሪክ ለኩ። ሐኪሙ እንዳስረዳን መጠጥ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ያዳክማል። ሰው ለዓመታት ሲጠጣ አንጎል ያንን ለመቋቋም ኃይሉን ጨምሮ መሥራት ይለምዳል። መጠጡ ባንዴ ሲቀር የሚይዘው ያጣና ይናወጣል።

«ስለዚህ ቤትዎ ሆነው ባንዴ እንዳያቆሙ፤ ሊሞቱ ይችላሉ። ሰኞ ይተኙና እኛ በመድኃኒት እናስቆምዎታለን» አለው።

አባትሽ የሰማው «እንዳያቆሙ» የምትለዋን ብቻ ነው። አሁን ግሮሰሪ ተቀምጦ «ሐኪም አዞልኛል፤ ካቆምኩ ኤሌክትሪኬ ይነሣል» እያለ ይገለብጣል። ጓደኛው ላጲሶ ደግሞ «እንግዲህ ለጤናህ ነው!» እያለ ይጋብዘዋል። ቀፈፈኝ፣ ልጄ! አፉ ይገማል፣ ትራሱ ይገማል፣ የሐኪሙ ቃል እንኳ ከእሱ አፍ ሲወጣ ይገማል። ሰኞ ሲደርስ አልሄድም አለ። ለምኜ አልጋውን ለሚመጣው ሰኞ አስያዝኩ።

አንቺ ራስሽን እንዳትወቅሺ። አላወቅሽም፤ እኛም አላወቅንም። ግን ከአንቺ በቀር የማንንም ቃል አይሰማም፤ ያንቺን መሐላ ልጠብቅ ብሎ ሊሞት ነበር እኮ። እባክሽ ደውይና «በእኔ ሞት ሆስፒታል ግባ» በይው።

እስከዚያ ባንዴ እንዳይቋረጥበት ጠዋት ጠዋት የምቀዳለት እኔ ነኝ። ጠርሙሱን ማየት የሚያስጠላኝ እኔ! ብርጭቆውን መያዝ ስለሚያቅተው ደግፌ አጠጣዋለሁ። ዛሬ እጄን ጨምድዶ ይዞ «የሻሽ፣ ፈራሁ» አለኝ። ካገባኝ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እጁ ተጨማልቋል፣ ይገማል፤ አልለቀቅኩትም።

ፈጣሪ አንቺን በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅልኝ። እሱንም ለሰኞ ያድርስልኝ።

እናትሽ፣
የሻሽወርቅ